ያየ ሰው እንዳይለቀው

ወንድሜ የልብስ ስፌት መኪና ጠጋኝ ነው። ሱቅ የለውም፤ መፍቻዎቹንና የዘይት ጠርሙሱን በአንዲት የቆዳ ቦርሳ ይዞ በገበያ ቀን ሁሩሙ፣ በሌላው ቀን ጎሬ፣ ሥራ ከተገኘ እስከ ቡሬ ይሄዳል። ከእኔ በአሥራ አራት ዓመት ይበልጣል። አባታችን ከጉራጌ አገር መጥቶ መቱ ላይ ልብስ ይሰፋ የነበረ ሰው ነው። እሱ ሲሞት እኔ ሁለተኛ ክፍል ነበርኩ፤ ታናሽ እህቴ ደግሞ ገና ጡት አልጣለችም። ያሳደገን ይኸው ወንድማችን ነው። ስለዚህ ሁለታችንም በስሙ ጠርተነው አናውቅም፤ ጋሼ ነው የምንለው።

ጋሼ ይንተባተባል። ሲረጋጋ ብዙም አይታወቅበትም። የማያውቀው ሰው ሲያፈጥበት ወይም ሲያጣድፈው ግን የመጀመሪያዋ ፊደል ጉሮሮው ላይ ትቀራለች፤ አንገቱ ይገተራል፣ ዓይኑ ይፈጣል። በአማርኛም ሆነ በኦሮምኛ ያው ነው። ስለዚህ ከመናገር ዝምታን ይመርጣል። የገበያ ሰዎች ይህን ስለሚያውቁ ቃሉ እስኪወጣለት ይጠብቁታል።

እኔ መቱ ውስጥ ከአንድ ትምህርት ቤት አጠገብ ደብተርና እስክሪብቶ እሸጣለሁ፤ የፎቶ ኮፒ ማሽንም አለኝ። የተማሪ እናት ሁሉ በደጄ ስለሚያልፍ የወላጆች ግሩፕ በስልክ ሲከፈት አስተዳዳሪ ያደረጉት እኔን ነው። መጀመሪያ የምንጽፈው ፈተና መቼ ነው፣ የጠፋው ሹራብ የማን ነው፣ ነገ ትምህርት አለ ወይ የሚል ነበር። ቀስ በቀስ ሌላ ሌላውም ገባ፤ የመድኃኒት ምክር፣ የጎረቤት ጠብ፣ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ማስጠንቀቂያ። እኔ የለጠፍኩትን እናቶቹ ያምኑ ነበር። ወሬ ቀድማ የምታደርሰው እኔ መሆኔ ደስ ይለኝ ነበር፤ አሁን ስናገረው ያሳፍረኛል። አንድ ነገር ከለጠፍኩ በኋላ ማን አየው፣ ማን መለሰ እያልኩ ደንበኛ ፊቴ ቆሞ ስልኬን እነካካለሁ።

በዚያ ዓመት ክረምቱ ሊወጣ ሲል የልጅ ሌባ ወሬ በረታ። ሁሩሙ ላይ ልጅ ጠፋ ይባላል፤ የሁሩሙ ሰው ሲጠየቅ ደግሞ «እኛስ የሰማነው በደሌ ነው ሲሉ ነው» ይላል። ልጅ የጠፋበትን ሰው በዓይኑ ያየ አልነበረም። ቢሆንም እናቶች ልጆቻቸውን ብቻቸውን መላክ ተዉ። እኔም ሁለቱን ልጆቼን እስከ ትምህርት ቤቱ በር እየሸኘሁ፣ ገብተው እስኪሰወሩ ድረስ ቆሜ አይ ነበር።

ነገሩ የሆነው አንድ ማክሰኞ ጠዋት ነው። ዝናቡ እንደ ጣለ ነው ያረፈደው። አራት ሰዓት ገደማ ለአንዲት ሴት መታወቂያ ኮፒ እያደረግኩ ሳለ ከማውቃት ነጋዴ ስልኬ ላይ ፎቶ ገባ። ከሚኒባስ የኋላ ወንበር የተነሣ ነው። አረንጓዴ የዝናብ ልብስ የለበሰ፣ ቆቡን እስከ ግንባሩ የደፋ ሰው ከጀርባው ይታያል። በትከሻው ላይ ፀጉሯ የተላጨ ሕፃን አፏን ከፍታ ታለቅሳለች። ፎቶው ስለተንቀሳቀሰ ደብዝዟል። ከሥሩ በኦሮምኛ እንዲህ የሚል ተጽፏል፤ ይህችን ልጅ የሚያውቃት አለ? ከቡሬ ጀምሮ እናቷን እየጠራች ታለቅሳለች፤ ሰውየው የማን ልጅ ናት ሲባል መልስ አይሰጥም፤ ምናልባት የልጅ ሌባ ሊሆን ይችላል።

የልጅቷን ፊት አላየሁትም። ያየሁት ጽሑፉን ነው። ኦሮምኛ ለማያነቡት እናቶች ልተርጉምላቸው ብዬ ጀመርኩ። ስተረጉም ጥያቄውን ዘለልኩት፤ «ምናልባት» የሚለውንም አወጣሁት። ለምን እንዳወጣሁት ዛሬም ራሴን እጠይቃለሁ። የሚያስጠነቅቅ ሰው ምናልባት ካለ ማን ይሰማዋል ብዬ ይመስለኛል። የጻፍኩት ይኸው ነው፤

«እናቶች ተጠንቀቁ! ይህ ሰው ሕፃን ሰርቆ ከቡሬ ወደ መቱ እየመጣ ነው። አረንጓዴ የዝናብ ልብስ ለብሷል። ልጅቷ እናቷን እየጠራች ታለቅሳለች፤ እሱ ሲጠየቅ መልስ የለውም። ያየ ሰው እንዳይለቀው!»

ለጥፌ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። መታወቂያውን ገልብጬ ጀርባውን ኮፒ አደረግኩ። ስልኬ ጠረጴዛው ላይ መንጫጫት ጀመረ። አንዷ የሚያለቅስ ፊት፣ አንዷ የተቆጣ ፊት ላከች። «አላህ ይጠብቀን» አለች አንዷ። «ለእህቴ ጎሬ ልኬዋለሁ» አለች ሌላዋ። «እኔም ለጎሬ ግሩፕ» አለች ሦስተኛዋ። ኮፒ ያስደረገችው ሴትም አንገቷን ሰግጋ አየችና «እግዜር ይስጥሽ፣ ለእኔም ላኪልኝ» አለችኝ። ላክሁላት።

ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ ታናሽ እህቴ ከቡሬ ደወለች። አግብታ የምትኖረው እዚያ ነው፤ ባሏ የጭነት መኪና ሹፌር ስለሆነ ብዙ ጊዜ ቤት አይገኝም።

«ደረሱልሽ?» አለችኝ።

«እነማን?»

«ጋሼና ልጄ ናቸዋ! ትናንት ሥራ ብሎ መጥቶ እኔ ጋ አረፈ። ሐኪሙ እስክትወልጂ ከአልጋ እንዳትነሺ ስላለኝ ልጅቷን አንቺ ጋ እንዲያደርስልኝ ለምኜው ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ተሳፈሩ። ስደውልልሽ ኔትወርክ እምቢ አለኝ።»



«ጋሼ ምን ለብሶ ነው የወጣው?»

«ምን?»

«ምን ለብሷል ነው የምልሽ!»

«ዝናቡ ሲብስ የባለቤቴን የዝናብ ልብስ አለበስኩት። አረንጓዴውን። ምን ሆነሻል አንቺ?»

«ልጅቷስ... ፀጉሯ...»

«ቆረቆር ይዟት ላጨኋት። ምነው? ምን ሆኑብኝ?»

«ምንም አልሆኑም» አልኳት። «ልቀበላቸው ብዬ ነው።»

ዘግቼ ፎቶውን ከፈትኩት። በሁለት ጣቴ አሰፋሁት። የልጅቷ ጀርባ ላይ ያረፈውን እጅ አየሁት። የአውራ ጣቱ ጥፍር ድሮ የስፌት መኪና መርገጫ የጨፈለቀው፣ ጠቁሮ የቀረ ነው። ያ እጅ ጫማዬን እያሰረ ትምህርት ቤት የላከኝ እጅ ነው። ልጅቷን ካየኋት ከዓመት በላይ ሆኖኛል፤ አድጋለች። ግን አፏ የእህቴ አፍ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ በደንብ ባይ ኖሮ አውቃት ነበር።

መልእክቱን አጠፋሁት። ከዚያ «ስህተት ነው፣ ሰውየውን አውቀዋለሁ፣ ሌባ አይደለም፣ የላካችሁት ሁሉ አጥፉ» ብዬ ጻፍኩ። ሦስት ጊዜ ተሳስቼ ነው የጨረስኩት። ወዲያው አንዷ መለሰች።

«እንዴት ስህተት ይሆናል? ጎሬ ላይ ተይዟል እያሉ ነው።»

ጋሼ ጋ ደወልኩ። ያለው የቁልፍ ስልክ ነው፤ ባትሪው ካለቀ ሁለት ቀን ቢዘጋም ግድ የለውም። የደወልኩላቸውን ደንበኛ አሁን ማግኘት እንደማልችል ያቺ የተለመደች ድምፅ ነገረችኝ። ደጋግሜ ሞከርኩ። ከዚያ የጎረቤቴን ባል አሰብኩ፤ ፖሊስ ነው። ደውዬ እየጮኽኩ አስረዳሁት።

«አሁኑኑ ጎሬ ጣቢያ እደውላለሁ» አለኝ። «አንቺ ግን ካለሽበት አትነቃነቂ፤ የተቆጣ ሰው መካከል እንዳትገቢ።»

ሱቁን ሳልቆልፍ ነው የወጣሁት። ባጃጅ ይዤ መናኸሪያ ደረስኩ፤ ለጎሬ የሞላ ሚኒባስ ሊንቀሳቀስ ሲል በሩ ላይ ያሉትን ገፍቼ ገባሁ።

ከመቱ ጎሬ ሩቅ አይደለም። በዚያን ዕለት ግን መንገዱ አላልቅ አለኝ። ዝናቡ መስታወቱን ይመታዋል፤ ሹፌሩ በየኩርባው ፍጥነት ይቀንሳል። ከፊቴ የተቀመጠ ኮት የለበሰ ሰው ስልኩን ለጎኑ ሰው እያሳየ ነበር። ጎኑ ያለው «መነጽሬን አልያዝኩም፣ አንብብልኝ» አለው። ሰውየው ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበ።

«እናቶች ተጠንቀቁ! ይህ ሰው ሕፃን ሰርቆ...»

ቃል በቃል የእኔ ነው። መኪናው ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ጸጥ ብሎ አዳመጠ። «ያየ ሰው እንዳይለቀው» ላይ ሲደርስ፣ ከጎኔ የማር ጣሳ ታቅፋ የተቀመጠች ሴት «ምን ይለቁታል! መቀጥቀጥ ነው እንጂ!» አለች።

«ውሸት እንዳይሆን ብቻ» አለ ሹፌሩ። «አሁን እኮ ስልክ ያላወራው የለም።»

«ውሸት አይደለም» አለ ኮት ለባሹ። «የጻፈችው መቱ የወላጆች ግሩፕ አስተዳዳሪ ናት። ባለቤቴ ታውቃታለች፤ የተጣራ ነገር ነው የምትጽፈው።»

ያኔ መናገር ነበረብኝ። እኔ ነኝ፣ አላጣራሁም፣ ሰውየው ወንድሜ ነው ማለት ነበረብኝ። አፌን ከፈትኩ፤ ቃሉ አልወጣም። ጋሼ ዕድሜውን ሁሉ ሲሆን የኖረውን እኔ ያን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ አወቅሁት። ልዩነቱ የእኔ ከፍርሃት መሆኑ ነው። አንገቴን ደፍቼ ጎሬ ገባሁ።

ጎሬ ኮረብታው አናት ላይ ስለሆነች ደመናው ቤቶቹ መካከል ወርዶ ነበር። መጠየቅ አላስፈለገኝም፤ ጩኸቱ ከመኪና ማቆሚያው ይሰማል። ሰው ሁሉ ወደዚያው ይሮጣል፤ ግማሹ ስልኩን ከራሱ በላይ አንሥቶ ይቀርጻል። እኔም ሮጥኩ።

የሆነውን በኋላ ነው በዝርዝር የሰማሁት። ልጅቷ በመንገድ አስመልሷት ስለነበር ጋሼ ጎሬ ላይ ወርዶ ውኃ ሊያጠጣት አስቧል። ጎሬ ላይ አንዲት ልብስ ሰፊ ባልቴት አሉ፤ መኪናቸውን ለዓመታት የጠገነላቸው እሱ ነው። ወደ ሱቃቸው ሲያመራ አንድ ሰው ስልኩን አየ፣ የዝናብ ልብሱን አየ፣ «ቁም!» አለው። የማን ልጅ ናት? ጋሼ «የ... የ...» ብሎ ቀረ። ሌላው መጣ። አስፈራሩት። በጮኹበት ቁጥር ቃሉ ይበልጥ ወደ ውስጥ ገባ። ልጅቷ ደግሞ በኦሮምኛ «አዮ! አዮ!» እያለች እናቷን ትጣራለች። አንዱ በያዘው ዱላ ሲሰነዝር ጋሼ የልጅቷን ራስ በእጁ ሸፈነ፤ ዱላው እጁ ላይ አረፈ። ልብስ ሰፊዋ ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ ወጥተው ሁለቱንም ወደ ውስጥ ጎተቱና የቆርቆሮ በራቸውን ከውስጥ ቀረቀሩት።

እኔ ስደርስ ያንን በር እየደበደቡት ነበር። ሴትየዋ ከውስጥ ይጮኻሉ።

«አውቀዋለሁ እኮ ነው የምላችሁ! መኪናዬን የሚሠራልኝ ነው! ፖሊስ እስኪመጣ አልከፍትም!»

«ያውቁታል? ልጅቷንስ ያውቋታል?» አለ አንዱ። ልጅቷን አያውቋትም።

በክርኔ እየገፋሁ በሩ ጋ ደረስኩና ጀርባዬን ለቆርቆሮው ሰጥቼ ቆምኩ። «ኦቦሌሳ ኮቲ!» ብዬ ጮኽኩ። «ወንድሜ ነው! ልጅቷ የእህቴ ልጅ ናት!»

«ግብረ አበሩ ናት!» አለ ከኋላ ያለ ድምፅ። አንዲት ሴት ነጠላዬን ያዘችኝ። ከፊቴ የቆመ፣ ቁመቱ ረጅም፣ ጎልማሳ ሰው ስልኩን ዓይኔ ሥር አመጣው።

«እህቱ ከሆንሽ ይሄን ምን ትያለሽ? የመቱ ሴትዮ አጣርታ ነው የጻፈችው። እሷ ትዋሻለች?»

«የመቱዋ ሴትዮ እኔ ነኝ» አልኩ። «የጻፍኩት እኔ ነኝ። አላጣራሁም።»

ሰው ሳቀ። ሰውየው ግን አልሳቀም።

«ቁጥሯንም አብረው ልከውልኛል» አለና ስልኩን ነካ አደረገው።

እጄ ላይ ያለው ስልክ ጮኸ።

ሁለት ሦስት ጊዜ ጮኸ። ሰውየው ስልኬን አየ፤ ስልኩን አየ፤ እኔን አየ። ከዚያ ዘጋው። ነጠላዬን የያዘችው ሴት ለቀቀችኝ። ከጎኑ የነበሩ ከዘራ የያዙ ሽማግሌ በኦሮምኛ «እንግዲያው የገዛ ወንድምሽን ያስያዝሽው አንቺ ነሽ?» አሉኝ።

«አዎ፣ አባባ» አልኳቸው።

ሽማግሌው ሌላ ነገር አልጠየቁኝም። ዞረው በከዘራቸው መንገድ እያስከፈቱ ሄዱ። ከኋላ ያሉት ግን ምን እንደተባለ ስላልሰሙ ይገፉ ነበር፤ ድንጋይም ቆርቆሮው ላይ አረፈ። ፖሊሶቹ የደረሱት ያኔ ነው። ሁለት ናቸው፤ አንደኛው ሰዉን ሲበትን ሌላው በሩን አንኳኳ።

ሴትየዋ ከፈቱ። ጋሼ ከስፌት መኪናው ሥር መሬት ላይ ተቀምጦ ነበር። ልጅቷን በዝናብ ልብሱ ሸፍኖ አቅፏታል፤ ትንቀጠቀጣለች እንጂ ማልቀሷን ትታ ነበር። የቀኝ እጁ አብጦ ጣቶቹ አይለዩም። ቀና ብሎ አየኝ።  ልጅቷን ብቻ ወደ እኔ ዘረጋልኝ።

«ይችን ተቀበይው» አሉኝ ልብስ ሰፊዋ። «ይሄ እጅ ሐኪም ያስፈልገዋል።»

ጣቢያ ቃላችንን ሰጠን፤ ፖሊሱ ቡሬ ደውሎ እህቴን አረጋገጠ። እህቴ በስልክ ስታለቅስ ከጠረጴዛው ወዲህ ይሰማኛል። ከሰዓት በኋላ መቱ ሆስፒታል ወሰድኩት። ሁለት ጣቶቹ ተሰብረዋል። ሐኪሙ እጁን በጄሶ አስሮ «ሥራህ ምንድን ነው?» አለው። ጋሼ ቦርሳውን ጠቆመው፤ ከቦርሳው አፍ መፍቻዎቹ ብቅ ብለዋል። ሐኪሙ ራሱን ነቀነቀ።

እኔ ቤት አረፈ። ሸሚዙን የምቆልፍለት፣ ምግቡን የምቆርስለት እኔ ሆንኩ። ልጅቷ ስልክ ወደ ጆሮዬ ባነሣሁ ቁጥር አልጋ ሥር ትገባ ነበር፤ እናቷ በቪዲዮ ስትደውል እንኳ ፊቷን በእጇ ትሸፍናለች። ጋሼ ስለዚያ ቀን ትንፍሽ አላለም። እኔም በጎሬ ሰው ፊት የነገርኩትን እውነት ለእሱ መንገር አቃተኝ። በማግስቱ አልተናገርኩም፣ በሦስተኛው ቀንም። በአራተኛው ቀን የሸሚዙን እጅጌ በጄሶው ላይ እያለፍኩ «ጋሼ፣ ያንን ነገር በአማርኛ የጻፈው...» ብዬ ጀመርኩ።

«ሰ-ሰምቻለሁ» አለኝ። «በሩ እኮ ቆ-ቆርቆሮ ነው።»

የሸሚዙን ቁልፍ ለቀቅኩት።

«ያነበበልኝ ሰው የለም» አለ። «ምን ብለሽ ነው የጻፍሽው? ሙ-ሙሉውን ንገሪኝ።»

ስልኬ ላይ አልነበረም፤ አጥፍቼዋለሁ። ግን በቃሌ አውቀዋለሁ። አንድም ሳላስቀር ነገርኩት። እስከ መጨረሻው አዳመጠኝ። 

«ልጅቷ የሰው ልጅ ትሆናለች ብለሽ አዘንሽላት» አለኝ። «ደግ ነው። እ-እኔስ? እኔ የማንም ሰው አልመሰልኩሽም?»

  እጅጌውን በደህናው እጁ ራሱ ሰብስቦ ወደ በረንዳ ወጣ።

የእህቴ ባል ከጉዞው ተመልሶ እኛ ቤት የመጣው በዚያው ሳምንት ነው። ልጁን አቅፎ ቁጭ አለ፤ የጋሼን እጅ አየ። ጠበቃ ሊያነጋግር፣ የጻፈውንና ያስተላለፈውን ሁሉ ሊከስ ተነሣ።

«ፎቶውን ያነሣችው ተማሪ ማን እንደሆነች ታውቋል» አለ። «እዚሁ መቱ ነው የምትማረው፤ ሽማግሌ ልካለች። እኔ የምፈልገው ግን የሌላዋን ነው። አንዲት የመቱ ሴት ናት አሉ፤ 'እንዳይለቀው' ብላ የጻፈችው። ጋሼ፣ አንተ ሰምተሃል? ማን ናት?»

ማድቤት በር ላይ ሰሐን ይዤ ቆሜ ነበር። ጋሼ ወደ እኔ አላየም።

«እ-እኔ ጎሬ ላይ ፊት አላየሁም» አለው። «የሰማሁት ጩኸት ነው።»

ውሸት አልተናገረም፤ እኔን ግን ሸፈነኝ።  በደጃችን የሚያልፍ ሰው ሁሉ ገብቶ የሚነግረው እየመሰለኝ በር ሲንኳኳ እደነግጥ ነበር።

ሽማግሌዎቹ እሑድ ከሰዓት መጡ። ሦስት ናቸው፤ ሁለቱ የተማሪዋ አባት ከሁሩሙ ያመጣቸው ጃርሶች፣ አንዱ የእኛ ሰፈር ሼህ። ተማሪዋ ከአባቷ ኋላ ገባች። ሃያ ዓመት ቢሆናት ነው፤ ዓይኗ አብጧል። በአንድ ወገን ጋሼ፣ የእህቴ ባልና እኔ ተቀመጥን። በሌላው ወገን እሷና አባቷ። ሽማግሌዎቹ መካከል።

ተማሪዋ እያለቀሰች ተናገረች። ክፉ አስባ እንዳልነበር፣ ሕፃኗ ስታለቅስ አሳዝናት ቤተሰቧን የሚያውቅ ካለ ብላ እንደጠየቀች ነገረች። «ሌባ ብዬ አልጻፍኩም» አለች። «ሌላ ሰው ነው የጨመረው። ግን ያነሣሁት እኔ ነኝ። ቀርቤ በእርጋታ ብጠይቃቸው ኖሮ ይነግሩኝ ነበር።»

«ያንቺን ሰማን» አለ የእህቴ ባል። «እኔ ግን ዕርቅ አልቀበልም። ያችኛዋ ሴት ሳትመጣ እንዴት እታረቃለሁ? አንቺ ጠየቅሽ፤ እሷ ፈረደች። እሷ ትምጣ!»

ከሁሩሙ የመጡት ትልቁ ሽማግሌ «ማን እንደሆነች የሚያውቅ አለ?» ብለው ቤቱን በዓይናቸው ዞሩት። ሼሁ አንገታቸውን ደፉ፤ የሚያውቁ መሰለኝ። ጋሼ ጄሶውን በደህናው እጁ ያሻል። ከተቀመጥኩበት ተነሣሁ።  ክፍሉን አቋርጬ ተማሪዋ ጎን ባለው አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ።

መጀመሪያ ማንም አልገባውም። የእህቴ ባል «ምን ሆነሽ ነው?» አለኝ፤ ውኃ ላመጣ የተነሣሁ መስሎት ነበር። ከዚያ ፊቴን አየና ፊቱ ተለዋወጠ።

«አንቺ?»

«እኔ ነኝ። ፎቶውን በደንብ አላየሁም። ምናልባት የሚለውን ያወጣሁት እኔ ነኝ።»

ብድግ አለ። የሚመታኝ መስሎኝ ነበር። ልጁን ከምንጣፉ ላይ አነሣና ዝናብ እያካፋ ወጣ። ሽማግሌዎቹ ጠሩት፤ አልተመለሰም።

ከቀረነው ሁሉ መጀመሪያ የተናገረው ጋሼ ነው። ሽማግሌዎቹ ቃሉ እስኪወጣለት ጠበቁት።

«ለእ-እኔ የሚጠየቅ ካሣ የለም» አለ። «ሁለቱም ጥፋታቸውን አምነዋል፤ ይቅር ብያለሁ። እህቴ ግን ለወላጆቹ ሁሉ ትጻፍ። ሙ-ሙሉውን። ማን እንደጻፈ፣ ሰውየው ማን እንደነበረ። አሳጥራ አይደለም።»

ያንኑ ማታ ጻፍኩት። ስሜን፣ ስህተቴን፣ የጋሼን የተሰበሩ ጣቶች። የመጀመሪያው መልእክት በየስልኩ የዞረውን ያህል ይሄኛው አልዞረም። ጥቂቶች ልብ የሚነካ ነገር መለሱልኝ፤ አንዳንዶቹ ከግሩፑ ወጡ፤ ብዙዎቹ አይተው ዝም አሉ። አስተዳዳሪነቱን ለአንዲት አስተማሪ አስረከብኩ። አሮጌው ፎቶ ግን ከወራት በኋላ ሌላ ከተማ ላይ እንደሆነ ተደርጎ ሲዞር ከአንዲት ዘመዴ ደረሰኝ፤ የጋሼ ጀርባ ያው ነው።

የጋሼ ጄሶ ሲፈታ አንደኛው ጣት እንደልቡ አልታጠፍ አለ። ትንንሽ ብሎኖችን በግራ እጁ መፍታት ተለማመደ። ሥራው ዘገመ እንጂ አልተቋረጠም፤ ጎሬ ልብስ ሰፊዋ ጋ መጀመሪያ የሄደ ዕለት አብሬው ሄድኩ። ሴትየዋ ለእሱ ወንበር ሰጡት፤ ለእኔ «አንቺ ቁሚ ትንሽ» አሉኝ፤ ቆምኩ።

እህቴ ሁለት ወር ሙሉ ስልኬን አላነሣችም። ለልጅቷ የላክሁትን ልብስ መልሳ ላከችው። የመውለጃዋ ቀን ሲቃረብ ጋሼ በኩል እየጠየቅኩ ደህንነቷን እሰማ ነበር። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ጋሼ ሱቄ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ።

«ወ-ወንድ ልጅ» አለኝ። «ሁለቱም ደህና ናቸው።»

«ትምጣ ብላለች?»

«አላለችም» አለ። «አትምጣም አላለችም።»

ገንፎ የሚሆን ዱቄትና ቅቤ አስሬ በማግስቱ ቡሬ ወረድኩ። መንገዱን ሁሉ ቢመልሱኝስ እያልኩ ነበር። የእህቴ ባል ግቢው ውስጥ የመኪናውን ጎማ እያጠበ አገኘሁት። ቀና ብሎ አየኝና ሥራውን ቀጠለ። እዚያው ደጃፉ ላይ ቆምኩ። ውስጥ አራስ ልጅ ሲያለቅስ፣ እህቴም ስታባብለው ይሰማኛል። ጎማውን አጥቦ ጨረሰ፤ እጁን በጨርቅ ጠረገ። ከዚያ መጥቶ ዘንቢሌን ከእጄ ተቀበለኝና «ግቢ፤ ነፋስ እንዳይገባባት በሩን ዝጊው» አለኝ።